የረሃቡ አገር እንዴት የስኳር በሽታ አገር ሆነ?



«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ቦርጭ ያወጣ፣ ከመኪና የማይወርድ፣ ሥጋና ጣፋጭ የሚያበዛ ሰው በሽታ። ቀጭኑ፣ በእግሩ የሚሄደው፣ ምሳውን በሽሮ የሚያልፈው ደግሞ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው ይባላል። ዛሬ ረዘም አድርጌ የማወጋችሁ የአንዲት አገር ታሪክ ይህን አባባል አይቀበለውም። አገሪቱ ባንግላዲሽ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «በእኛ» ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባንግላዲሽን በወሬም የማያውቅ ሰው የለበሰውን ቲሸርት አንገት ገልብጦ ቢያይ ስሟን ሊያገኘው ይችላል። ከ160 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ፣ ወንዞች እየከፋፈሉ የሚያልፉባት ዝቅተኛ ምድር ናት። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት፣ በዚያች አገር ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 13.1 ሚሊዮኑ ስኳር አለባቸው። ይህ ከዓለም ስምንተኛ ያደርጋታል። ከፊቷ የተሰለፉት እነ ቻይና፣ ሕንድ፣ ፓኪስታንና አሜሪካ ናቸው። ይህቺው ምድር ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሰው በረሃብ ያለቀባት ናት። በረሃብ ያለቀ ሕዝብ ልጆች እንዴት በስኳር ይታመማሉ?

በሽታው ራሱ አዲስ አይደለም። የሕንድ ክፍለ አህጉር የጥንት ሐኪሞች የአንዳንድ ሕመምተኞች ሽንት ጉንዳን እንደሚሰበስብ አይተው «የማር ሽንት» ብለውት ነበር። በወጣትነቱ የሚታመመው ቀጭን ሰውና በጎልማሳነቱ የሚታመመው ወፍራም ሰው ሕመማቸው አንድ እንዳልሆነም ለይተዋል። ኢብን ሲና (980–1037) በታላቁ የሕክምና መጽሐፉ በ«አል-ቃኑን» ስለማያቋርጠው ጥምና ሽንት ጽፏል። ከበሽታው የዐረብኛ ስሞች አንዱ «ዱላብ» ነበር፤ ውኃ እየቀዳ የሚያፈስ መዘውር ማለት ነው። የተጠጣው ሳይቆይ ይወጣልና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ «ኢብን ሲና ስለ ስኳር ሁሉንም ጨርሶ ጽፎት ነበር» የሚሉ ጽሑፎች በየማኅበራዊ ሚዲያው አያለሁ። አልጨረሰም። ጥፋቱን የጣለው በኩላሊት ላይ ነበር። ነገሩ ከቆሽት ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀው በ1889 በስትራስቡርግ ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች የአንድ ውሻ ቆሽት አውጥተው ውሻው ስኳር በያዘው ጊዜ ነው። ሐቁን ብንናገር የኢብን ሲና ታላቅነት አይቀንስም።

ከዚያ ዘመን ሊቃውንት ለዛሬው ወጋችን ይበልጥ የሚቀርበኝ ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ ነው። በ1162 ባግዳድ ተወልዶ በ1231 የሞተ ሐኪም ነው። ስለ ስኳር በሽታ ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። ይኸው ሰው ከ1200 እስከ 1202 ባለው ጊዜ ግብፅ ነበር፤ ያኔ ዐባይ ሳይሞላ ቀረ። የዐባይ ሙላት ከየት እንደሚነሣ ለእናንተ አልነግርም። ሰው ሰውን እስከመብላት የደረሰበትን ያን ረሃብ በዓይኑ አይቶ መዘገበ። የሟቾቹን አጥንት መርምሮም ጥንታዊው ሐኪም ጋሌን ስለ ታችኛው መንጋጋ የጻፈው ስህተት መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ረሃብም ስኳርም በአንድ ሰው ብዕር ተጽፈዋል። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ሊኖር እንደሚችል ግን እርሱ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ጉዳዩ በቁም ነገር እስኪጠና ወደ ስምንት መቶ ዓመት አልፏል።

አሁን ወደ ቤንጋል እንሂድ። የዛሬዋ ባንግላዲሽ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ያለው የቤንጋል ምሥራቃዊ ክፍል ነበረች፤ ዋና ከተማው ካልካታ ነበር። በ1907 የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር በሞቃት አገሮች ስላለው የስኳር በሽታ ውይይት አድርጎ ነበር። ከካልካታ የመጣው ምስክርነት በሽታው የሚበዛው በተማሩና በተደላደሉ ቤንጋላውያን ላይ መሆኑን የሚናገር ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጽፉ፣ የሚከራከሩ፣ የሚፈርዱ፣ ማታ ደግሞ ሩዝና ጣፋጭ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። እርሻ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ገበሬ ከዚህ ዝርዝር የለበትም። ስለዚህ «የሀብታም በሽታ» የሚለው አባባል ያን ጊዜ ውሸት አልነበረም። ኋላ ላይ በሽታው ቦታውን ለቆ ወደ ሌላውም ሕዝብ ሄደ፤ አባባሉ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ።

በ1943 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የቤንጋል ታላቅ ረሃብ መጣ። የጦርነቱ ዋጋ ንረት፣ ከበርማ ይመጣ የነበረው ሩዝ መቋረጡ፣ አውሎ ነፋሱና የቅኝ ገዢዎቹ ቸልተኝነት ተደራርበው እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሰው ጨረሱ። ይህ ለምድሪቱ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ1770 የደረሰው ረሃብ ሚሊዮኖችን ወስዷል። የመጨረሻውም አልሆነም። ባንግላዲሽ በ1971 ነፃ አገር በሆነች በሦስተኛው ዓመት፣ በ1974፣ ጎርፍና የሩዝ ዋጋ ንረት ተገናኝተው ሕዝቡን ዳግም ለረሃብ ዳረጉት።

በእነዚህ ረሃቦች መካከል ነው አንድ ሐኪም ማንም ያልጠበቀውን ሥራ የጀመሩት። ዶክተር ሙሐመድ ኢብራሂም በካልካታ ተምረው በ1938 ተመረቁ፤ ክፍለ አህጉሩ በ1947 ከተከፈለ በኋላ ሕይወታቸውና ሥራቸው በምሥራቁ በኩል ሆነ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1956 በዳካ ከተማ ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር የስኳር ሕመም ማኅበር አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት ሰጉንባጊቻ በሚባል ሰፈር በቆርቆሮ በተሠራ ትንሽ ቤት የተመላላሽ ሕክምና ተጀመረ። ጊዜውን አስቡት። ሰው ፈንጣጣና ኮሌራ በሚፈራበት፣ ረሃቡ ገና ከአፍ ባልጠፋበት አገር ስለ ስኳር ማውራት ለብዙዎች ቅንጦት ነበር የሚመስለው። የማኅበሩ መርሕ ግን ሌላ ነበር፦ ማንም የስኳር ታማሚ ድሃ ስለሆነ ብቻ ሳይታከም፣ ሳይበላ ወይም ሥራ ሳያገኝ መሞት የለበትም የሚል ነው።

ለእኔ በዚህ መርሕ ውስጥ ከሕክምናው ይልቅ «ሥራ» የሚለው ነው የሚገርመኝ። ስኳር እንደ ወባ ታክሞ የሚሰናበት በሽታ አይደለም። ኢንሱሊን በ1921 ካናዳ ውስጥ ተገኝቶ በጃንዋሪ 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከተወጋ ወዲህ፣ ይገድል የነበረው ሕመም ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሆነ። ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ዕድሜ ልክ ገቢ ያስፈልገዋል። ዶክተር ኢብራሂም ይህን ቀድመው ስለገባቸው ታማሚውን መዝግቦ ለዓመታት የሚከታተል፣ ስለ ምግቡና ስለ መርፌው የሚያስተምር፣ አቅም ያለው የሚከፍልበትና የሌለው በነፃ የሚታከምበት ሥርዓት ዘረጉ። የቆርቆሮዋ ቤት እያደገች በ1980 በዳካ ሻህባግ ትልቁ የስኳር ሆስፒታልና የምርምር ማዕከል ተከፈተ፤ ቢርደም ይባላል። በ1982 የዓለም ጤና ድርጅት ተባባሪ ማዕከሉ አደረገው። ዶክተሩ በሴፕቴምበር 1989 ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሆስፒታሉ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የሚያሳዝነው ሆስፒታሉ ሲያድግ በሽታው በበለጠ ፍጥነት ማደጉ ነው። በባንግላዲሽ የተደረጉ የተለያዩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከ1995 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ከ100 አዋቂ 4 ያህሉ ስኳር ነበረበት። ከ2006 እስከ 2010 ባለው ጊዜ 9 ደርሷል። ከዚያ በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ በአገር አቀፍ ደረጃ ተለካ። መርማሪዎች ቤት ለቤት እየሄዱ፣ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ7,500 በላይ ሰዎች ማለዳ በባዶ ሆድ ጣታቸው ተወግቶ ስኳራቸው ታየ።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ከ100 ሰው ወደ 10 የሚጠጋው ስኳር አለበት። ሌሎች 22 ሰዎች ደግሞ ገና ስኳር አልያዛቸውም፤ ግን ልኬታቸው ከጤናማው መስመር አልፎ ወደ በሽታው እየተጠጋ ነው። በከተማ ቁጥሩ 15 ሲሆን በገጠር 8 ነው። ወንድና ሴት ብዙም አይለያዩም። ከሁሉም የከበደኝ የሚከተለው ነው፦ ስኳር ከተገኘባቸው 100 ሰዎች 56ቱ መታመማቸውን አያውቁም ነበር። በመደበኛነት የሚታከሙት 40 እንኳ አይሞሉም። እንደ ዶክተር ኢብራሂም ያለ ሰው የነበራት፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሠራ ማኅበር ያላት አገር ይህ ከሆነች፣ እንዲህ ያለ ማኅበር ዘግይቶ ያቋቋመው አገርስ ምን ይሆናል?

የትኛው ሰው ይበልጥ ይያዛል? ዕድሜ አንዱ ነው፤ ከ55 ዓመት በኋላ ያለ ሰው ከ35 ዓመቱ ሰው ይልቅ ከእጥፍ በላይ ተጋላጭ ሆኖ ተገኝቷል። የሰውነት ክብደት መጨመር፣ የደም ግፊት መኖር፣ በከተማ መኖርም አሉበት። ቤቱ የተደላደለና ትምህርቱ ከፍ ያለ ሰውም ይበልጥ ይያዛል፤ እስከዚህ ድረስ የ1907ቱ ምስክርነት አልተሻረም። ነገር ግን ከባንግላዲሽ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በገጠር ነው። ከ100 የገጠር ጎልማሳ 8ቱ ስኳር ካለበት፣ በቁጥር ሲታይ የሕመምተኛው ብዛት ገጠር ውስጥ ነው። ከሐኪምም ከመድኃኒትም የራቀው እርሱ ነው።

ምክንያቱን ሲፈልጉ የመጀመሪያው የሚታየው ሳህኑ ነው። ባንግላዲሽ ነፃ ስትወጣ በዓመት 11 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሩዝ ታመርት ነበር፤ በመስኖና በተሻሻለ ዘር ከሦስት እጥፍ በላይ አሳደገችው። ይህ ታላቅ ድል ነው፤ ረሃብን ያስወገደ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የተገኘው ጥጋብ ግን በአብዛኛው የነጭ ሩዝ ጥጋብ ነበር። ነጭ ሩዝ በሆድ ውስጥ ቶሎ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ የሚተክል ገበሬ ያቃጥለዋል። ልጁ ግን ከተማ ገባ። ነፃነት በተገኘበት ዓመት ከ100 ሰው 8 ገደማው ብቻ ነበር ከተሜ፤ ዛሬ ወደ 40 ይጠጋል። ልጁ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አሥር ሰዓት ይቀመጣል፣ ወይም ሱቅ ይጠብቃል፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ይውላል። የአባቱን ሳህን ይዞ የአባቱን ጭቃ ትቶታል። በዚያ ላይ የምሥራች ሁሉ በጣፋጭ የሚበሠርበት፣ እንግዳ ጣፋጭ ይዞ የሚገባበት አገር ነው። (ሻይ ውስጥ አራት ማንኪያ የምንጨምር እኛ ግን ለመፍረድ አንቸኩል።)

ሳህኑ ብቻውን ግን ነገሩን አይፈታውም። ብዙ የደቡብ እስያ ታማሚዎች ወፍራም አይደሉም። በ2004 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት የሁለት ሐኪሞችን ፎቶ ጎን ለጎን አውጥቶ ነበር፤ አንዱ ሕንዳዊው ያጅኒክ፣ ሌላው እንግሊዛዊው ዩድኪን። ሁለቱም ቀጭን ናቸው። ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲሰላ ልክ አንድ ቁጥር፣ 22.3፣ ይሰጣል። ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ስብ ሲለካ ግን የእንግሊዛዊው 9.1 በመቶ፣ የሕንዳዊው 21.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከእጥፍ በላይ! ከውጭ ቀጭን ከውስጥ ስብ መሆን ማለት ይህ ነው። ያው ያጅኒክ በፑኔ ከተማ አካባቢ የሚወለዱ ሕፃናትን ሲያጠና፣ ከእንግሊዝ ሕፃናት ብዙ ያነሰ ክብደት ይዘው ቢወለዱም የጎደላቸው ሥጋና ጡንቻ እንጂ ስብ እንዳልሆነ አየ። ሚዛን ላይ ወጥቶ «ደህና ነኝ» ብሎ መውረድ ለዚህ ሕዝብ አይሠራም።

ይህ እንዴት ሆነ? በ1992 ሔልስና ባርከር የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አንድ ሐሳብ አቀረቡ። እናቱ እየተራበች በማህፀን ያለ ልጅ ሰውነቱ ለችግር ዘመን ይሠራል፤ ያገኘውን ለአንጎል ይሰጣል፣ ከቆሽትና ከጡንቻ ይቆጥባል፣ ስብ ማስቀመጥን ይለምዳል። ተወልዶ በችግር ከኖረ ይህ ቁጠባ ያድነዋል። ጥጋብ ውስጥ ከገባ ግን ትንሿ ቆሽት ሸክሙን አትችለውም። ነገሩ በሆላንድ ታየ። በ1944 ክረምት ናዚዎች ምግብ ከልክለው ባስራቡት ሕዝብ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ልጆች፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ስኳርን የመቋቋም አቅማቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በቻይናም ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ረሃብ ወቅት በማህፀን የነበሩት ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ለቤንጋል ሲሆን፣ ረሃብ አንዴ መጥቶ የሄደ ሳይሆን ለትውልዶች ሲመላለስ የኖረ ነው። የደቡብ እስያን የስኳር ብዛት በዚህ የሚተረጉሙ ምሁራን ብዙ ናቸው። ሙሉ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ የደመደመ የለም፤ ዘርም ከተማም ሳህንም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ የእናት ረሃብ በልጅ ደም ውስጥ አርባና ሃምሳ ዓመት ተደብቆ መቆየቱ።

ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ በተለይ የሚነካው ሌላ ጉዳይ ረመዷን ነው። በ2001 ባንግላዲሽን ጨምሮ በ13 አገሮች ከ12,000 በላይ ሙስሊም የስኳር ታማሚዎች ተጠይቀው ነበር። ኢንሱሊን ከመጀመሪያው ከሚያስፈልጋቸው (አንደኛው ዓይነት) 43 በመቶው፣ ከሁለተኛው ዓይነት ታማሚዎች ደግሞ 79 በመቶው ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። በጾሙ ወር ሆስፒታል የሚያደርስ የስኳር መውረድ በመጀመሪያዎቹ ከ4 እጥፍ በላይ፣ በሁለተኞቹ ከ7 እጥፍ በላይ ጨምሯል። በሱረቱል በቀራ ለታመመ የተሰጠውን ፈቃድ ሁላችንም እናውቃለን። በየቤታችን ግን «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አዘግይቶ የሚጾም አባት፣ ለልጆቹ ሳይናገር ዐሥር ሲደርስ የሚንቀጠቀጥ አጎት አለ። መጾም የሚችልም አለ፣ የማይችልም አለ። ይህ ረመዷን ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር የሚታይ ነገር ነው፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓትም አብሮ ይቀየራል።

ባንግላዲሽ ለዓለም ያበረከተችውን ሳልጠቅስ አላልፍም። የስኳር ሕመም ቀን በየዓመቱ ኖቬምበር 14 ሲከበር ታያላችሁ፤ ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የሆነው የባንቲንግ ልደት ነው። ቀኑ የተባበሩት መንግሥታት ቀን የሆነው ጠቅላላ ጉባኤው ዲሴምበር 20 ቀን 2006 ባሳለፈው ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ለጉባኤው ያቀረበችው ባንግላዲሽ ናት። በቆርቆሮ ቤት የተጀመረው ሥራ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ኒው ዮርክ ደረሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት ባንግላዲሽ ስለምትገርመኝ ብቻ አይደለም። በ2015 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ስኳር የተገኘበት ከ100 ሰው 3 ያህሉ ነው። ትንሽ ይመስላል። ባንግላዲሽም በ1990ዎቹ መጨረሻ 4 ነበረች። በጎንደርና በጅማ ገጠሮች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ቀጫጭን፣ ድሃ ገበሬዎችን ሐኪሞች ለዓመታት ሲያዩ ቆይተዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እንደ አንድ ዓይነት ተቀብሎት በ1999 ሰርዞታል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 አምስተኛ ዓይነት ብሎ መልሶ አውቆታል።

በ2020 ደግሞ ከሰሜን ወሎ፣ ከራያ ቆቦ፣ አንድ ጥናት ወጣ። በእኛ አቆጣጠር «ሰባ ሰባት» እያልን የምንጠራው ያ ረሃብ ሲደርስ በእናታቸው ማህፀን የነበሩ ሰዎች ተፈልገው ተመረመሩ። የወገብ መስፋት፣ የደም ግፊት፣ የደም ስብና የስኳር መዛባት አንድ ላይ የሚታይበት ሁኔታ ከረሃቡ በኋላ ከተወለዱት ይልቅ በእነርሱ ላይ በዝቶ ተገኘ። እነዚያ ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ብዙዎቹ ገጠሩን ትተው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ሱቅ አላቸው፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ መርካቶ ውስጥ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ይህን ከምታነቡት ውስጥ የአንዳንዶቻችሁ አባትና እናት ናቸው። ምናልባትም ቀጭን ናቸው፤ ጣታቸውን ተወግተው ስኳራቸውን አይተው አያውቁም።